ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል፦ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ጎንደር ውስጥ "ኮምፒውተሬ አልነሳ አለኝ" ስትሉ የምትሰሙት መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። "ፓወር ሳፕላዩ ተቃጥሏል፣ ይቀየር" ወይም "ፎርማት ይደረግ"፣ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን። ሁለቱም ትክክል የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ግን ማሽኑ የቱ ጋ እንደቆመ ሳይታይ ነው የሚወሰነው። ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) የተበላሸ ኮምፒውተር ፎርማት ስለተደረገ አይድንም፣ ፋይሉ ግን ይጠፋል። የሠርግ ቪዲዮ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሱቅ ሒሳብ እንዲህ በከንቱ ሲጠፋ ያናድዳል፤ አብዛኛው ሊተርፍ ይችል ነበርና።

ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ተከተሉ። ደረጃ አትዝለሉ። አንድ ነገር ብቻ ነክታችሁ ሞክሩ፣ ካልሠራ ወደ ነበረበት መልሱት፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ሦስት ነገር በአንዴ ከቀየራችሁ ማሽኑ ቢነሳም የቱ እንዳዳነው አታውቁም።

መጀመሪያ፦ የቱ ጋ ነው የቆመው?

ኮምፒውተር የሚነሳው በተራ ነው። ኮረንቲ ከግድግዳ ወደ ፓወር ሳፕላይ (ኮረንቲውን ለኮምፒውተሩ በሚስማማ መጠን ወደሚቀይረው ሳጥን) ይገባል። ፓወር ሳፕላዩ ማዘርቦርዱን (ሁሉም ክፍል የሚሰካበትን ዋና ሰሌዳ) ይመግባል። ከዚያ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ትንሽ ፕሮግራም) ራሙንና የስክሪን ካርዱን ይፈትሻል፣ ሀርድ ዲስኩን ይፈልጋል፣ በመጨረሻ ዊንዶውስ ይነሳል። ማብሪያውን ተጫኑና አንድ ደቂቃ ምንም ሳትነኩ ተመልከቱ፣ አዳምጡም። የእናንተ ከእነዚህ አንዱ ነው፦

1. ጭጭ። መብራትም የለም፣ ፋንም አይዞርም። ከደረጃ 1 ጀምሩ።
2. ፋኑ ዞር ይልና ይጠፋል፣ ወይም ጥቂት ሠርቶ ድርግም ይላል። ደረጃ 2ን እና ደረጃ 4ን እዩ።
3. ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ደረጃ 3።
4. የኩባንያው አርማ ይመጣል፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ የሆነ ጽሑፍ አውጥቶ ቀጥ ይላል። ደረጃ 5 እና 6።
5. የዊንዶውስ አርማ ይመጣል፣ ነጠብጣቦቹ ይሽከረከራሉ፣ ወይ ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል ወይ ተመልሶ ይነሳል። ደረጃ 7።

ያያችሁትን በስልክ ቪዲዮ ቅረጹት፣ ድምፁ ጭምር ይግባ። በኋላ ለባለሙያ ማሳየት ቢያስፈልግ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

ዝግጅት

ባለ መስቀል ካቻቪቴ፣ ደረቅና ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ነጭ ላጲስ፣ የስልክ መብራት፣ ከሌላ ኮምፒውተር የተዋሳችሁት የሚሠራ የፓወር ኬብል፣ አዲስ ሲአር 2032 ባትሪ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ)፣ ባዶ ፍላሽ። ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁ አብዛኛው ሥራ ያለሱ ይሠራል።

ከመክፈታችሁ በፊት እነዚህን አጥብቃችሁ ያዙ፦

ከሶኬት ንቀሉ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ኬብሉ እስከተሰካ ድረስ ማዘርቦርዱ ላይ ኮረንቲ አለ። ከነቀላችሁ በኋላ የማብሪያ ቁልፉን ለ15 ሰኮንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ የቀረው ኃይል ይወጣል።

ፓወር ሳፕላዩን ራሱን በፍጹም አትክፈቱ። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኮረንቲ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ከሶኬት ተነቅለው እንኳ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ሰው ይገድላል።

የሱፍ ሹራብ አውልቁ። በበጋው ደረቅ አየር ሹራብ በቀላሉ ስታቲክ (በመፋተግ የሚመጣ ኮረንቲ) ይፈጥራል፣ ራም ደግሞ እናንተ በማትሰሙት ብልጭታ ይቃጠላል። ምንጣፍ ወይም አልጋ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ሥሩ። እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ሁልጊዜ ቀለም የሌለውን የሳጥኑን ብረት ንኩ።

ማንኛውንም ገመድ ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ከሁለት ማዕዘን አንሱት፣ አንዱ አይበቃም።

የኮምፒውተሩ ሰውነት ስትነኩት የሚነዝራችሁ ከሆነ ደግሞ ቤቱ ኤርዝ (ኮረንቲን ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር) የለውም ማለት ነው፣ ወይም የዲቫይደሩ ኤርዝ ተቋርጧል። ብዙ ቤት ያለ ችግር ነው፣ ሰውም ለምዶታል። አትልመዱት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስጠርታችሁ አሠሩት፣ እስከዚያ ድረስ የሞኒተርና የፕሪንተር ገመድ ስትሰኩና ስትነቅሉ ሁሉንም ከሶኬት ነቅላችሁ ይሁን።

ደረጃ 1፦ ኮረንቲው ይደርሳል?

ቀላል ስለሆነ ሰው ይንቀዋል።

1. በዚያው ሶኬት ላይ የስልክ ቻርጀር ሰኩ። ይሠራል?
2. ኮምፒውተሩን ከዲቫይደርና ከስታቢላይዘር አውጡና በቀጥታ ግድግዳው ላይ ለአንድ ሙከራ ብቻ ሰኩት። ከተነሳ ጥፋተኛው መሀል ላይ ያለው ዕቃ ነው።
3. የፓወር ኬብሉን በተዋሳችሁት ቀይሩ።
4. ከኋላ ፓወር ሳፕላዩ ላይ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ካለ የመስመር ምልክቷ ወደ ውስጥ መጫኗን እዩ። ሲጸዳ ወይም ሲገፋ ራሱ ይጠፋል።

ስታቢላይዘር ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ለፍሪጅ የተሠሩት መብራት ሲመጣ ወዲያው አይለቁም፤ ሦስት ደቂቃና ከዚያ በላይ ይጠብቃሉ። "ኮምፒውተሩ ሞተ" ከማለታችሁ በፊት ስታቢላይዘሩ መልቀቁን ጠብቁ። የሚያሳየውንም ቁጥር አንብቡ፤ ወደ 220 መጠጋት አለበት። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ የሚወርድ ከሆነና ኮምፒውተሩ በዚያ ሰዓት ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ኮምፒውተሩን አትክፈቱት፣ ችግሩ መስመሩ ነው።

ማስጠንቀቂያ። ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝታችሁ ገና ልትሰኩት ከሆነ ቁሙ። አንዳንድ የቆዩ ፓወር ሳፕላዮች ከኋላ 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀየሪያ አላቸው። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን 115 ላይ ሊሆን ይችላል። በእኛ 220 ቮልት ላይ እንደዚያው ከሰካችሁት በአንድ ፍንዳታ ያልቃል። ወደ 230 አዙሩት። መቀየሪያው ከሌለ ብዙ ጊዜ ራሱ የሚለይ ነው፣ ግን ጎኑ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ መኖሩን አረጋግጡ።

ደረጃ 2፦ ፓወር ሳፕላይ

በመጀመሪያ ምንም ወጪ የሌለውን ሞክሩ። ኬብሉን ንቀሉ፣ የማብሪያ ቁልፉን ግማሽ ደቂቃ ተጭናችሁ ያዙ፣ አስር ደቂቃ ተዉት፣ መልሳችሁ ሰኩና አብሩ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፓወር ሳፕላዩ አንዳንዴ ራሱን ለመከላከል ይዘጋል፤ ከሶኬት ካልተነቀለ በቀር አይለቅም። "ተቃጥሏል" ተብለው የሚቀየሩት አንዳንዶቹ ይህን ብቻ የሚፈልጉ ነበሩ።

ካልተነሳ ክፈቱት።

1. የስልክ መብራት አብሩና አሽቱ። የተቃጠለ ሽታ፣ ጥቁር ነጥብ፣ ወይም አናታቸው ጠፍጣፋ ሳይሆን ወደ ላይ ተነፍቶ የሚታዩ ክብ ካፓሲተሮች ማዘርቦርዱ ላይ ካሉ እዚህ ላይ ቁሙ። ይህ የብየዳ ሥራ ነው፣ ወደ ባለሙያ ይሂድ።
2. ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባውን ትልቁን ሶኬት፣ ከዚያም ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለውን ባለ 4 ወይም ባለ 8 ቀዳዳ ትንሹን ሶኬት ነቅላችሁ እስኪቆልፍ ድረስ መልሱ። ትንሿን መርሳት የተለመደ ነው። እሷ ከሌለች ፋኑ ዞር ብሎ ሊጠፋ ይችላል፣ ወይም ይዞርና ስክሪን አይመጣም።
3. የሀርድ ዲስኩንና የሲዲ ማጫወቻውን የፓወር ገመድ ንቀሉ። ዩኤስቢ ላይ የተሰካውንም ሁሉ አውጡ፣ ኪቦርድና ማውስ ጭምር። አብሩ። አሁን ፋኑ ከዞረ ከነቀላችኋቸው አንዱ ሾርት ነው። አንድ በአንድ እየመለሳችሁ ያዙት። በየመሀሉ ከሶኬት መንቀል አትርሱ።
4. ማሽኑ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ከሆነ ከኋላ ፓወር ሳፕላዩ ላይ ትንሽ የመፈተሻ ቁልፍ ሊኖረው ይችላል። ኬብሉ ተሰክቶ ስትጫኗት አረንጓዴ መብራት ከበራ ፓወር ሳፕላዩ ደህና ነው፣ ማዘርቦርዱን ወይም የማብሪያ ቁልፉን ጠርጥሩ። ካልበራ የሀርድ ዲስኩንና የሌሎቹን ገመድ ነቅላችሁ ድገሙት።

ቴስተር ያላችሁ ሰዎች፣ ባለ 24 ቀዳዳው ሶኬት ላይ ቢጫው ገመድ ከጥቁሩ ጋር ሲለካ 12 ቮልት፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3 ማሳየት አለበት። በአምስት በመቶ ከፍና ዝቅ ቢል ችግር የለውም። ቢጫው ከ11.4 በታች ከወረደ ይቀየር። ወይን ጠጁ ገመድ ደግሞ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ኬብሉ ከተሰካ 5 ቮልት አለው። እሱ ዜሮ ከሆነ ፓወር ሳፕላዩ ሞቷል፣ ሌላ አትፈልጉ።

አረንጓዴውንና ጥቁሩን ገመድ በሽቦ አገናኝቶ ማስነሳት የሚባለውን ዘዴ ሰምታችሁ ይሆናል። ከማዘርቦርዱ ተነቅሎ ይሠራል፣ ግን የሚነግራችሁ ፓወር ሳፕላዩ መነሳቱን ብቻ ነው፤ ጭነት ሲመጣበት ይችል አይችል አይነግራችሁም። ገመዶቹ ሁሉ ጥቁር የሆኑ ወይም ሶኬታቸው ባለ 24 ያልሆነ ማሽኖች ላይ አትሞክሩት።

መቀየር ካስፈለገ አሮጌውን ፈታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የዴል፣ የኤችፒና የሌኖቮ ትንንሽ ሳጥኖች የየራሳቸው ቅርጽና ሶኬት አላቸው፤ በቃል ነግራችሁ ገዝታችሁ ከፒያሳ አዘዞ ከተመለሳችሁ በኋላ አልገጥምም ቢል ጊዜም ገንዘብም ኪሳራ ነው።

ደረጃ 3፦ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪን የለም

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያስቸግረው ይሄ ነው፣ ከሁሉም በላይ ቤት ውስጥ የሚድነውም ይሄው ነው። ረጋ ብላችሁ ሥሩት።

ማሽኑ በሕይወት አለ? ኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክን ተጫኑ። መብራቷ ብልጭ እልም ካለች ኮምፒውተሩ ተነስቷል፣ ችግሩ ሞኒተሩ ወይም ገመዱ ጋ ነው። ያን ጊዜ፦

የሞኒተሩ መብራት መብራቱን እዩ። ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ነቅላችሁ ሰኩ፣ ሰማያዊው የቪጂኤ ጫፍ ውስጥ የተጣመመ ሽቦ ካለ ቀስ ብላችሁ አቅኑ። ሞኒተሩ ላይ ባለው ቁልፍ ምንጩን ቀይሩ፤ ገመዱ ቪጂኤ ሆኖ ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ ላይ ሊሆን ይችላል። ከኋላ ሁለት የሞኒተር ማስገቢያ ካለ፣ አንዱ ከማዘርቦርዱ ሌላው ከታች ከተጨመረው ካርድ ከሆነ፣ ገመዱ ካርዱ ላይ ይሁን።

ካፕስ ሎክ ካልበራ ማሽኑ ራሱ አልነሳም። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራም ነው።

ራሙን እንዲህ አጽዱ፦

1. ከሶኬት ንቀሉ፣ ማብሪያውን ተጭናችሁ ያዙ፣ ብረቱን ንኩ።
2. በሁለቱም ጫፍ ያሉትን መያዣዎች ወደ ውጭ ግፉ። አንዳንዱ በአንድ ወገን ብቻ ነው መያዣ ያለው። ራሙ ራሱ ብድግ ይላል። ጠርዙን ይዛችሁ አውጡ፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በጣት አትንኩ።
3. ጥርሶቹን በነጭ ላጲስ በቀስታ ወደ ታች አቅጣጫ ፈትጉ፣ ሁለቱንም ጎን። በአሸዋ ወረቀት ወይም በምላጭ የሚፈትጉ አሉ። የወርቅ ቅቡን ይልጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ለጊዜው ቢሠራም ዕድሜ የለውም።
4. የላጲሱን ፍርፋሪ በብሩሽ አራግፉ። ማስገቢያውንም በብሩሽ ጥረጉት። በአፋችሁ እፍ አትበሉ፣ ምራቅ ይገባል።
5. አንዱን ብቻ መልሱ። መሀል ላይ ያለችው ክፍተት ከማስገቢያው ጋር መግጠም አለባት። በሁለት አውራ ጣት ሁለቱንም ጫፍ እኩል ተጫኑ፣ "ቀጭ" እስኪል። ሰው የሚፈራው እዚህ ላይ ነው፣ ግን በግማሽ የገባ ራም ካልገባ ይብሳል።
6. አብሩ። ካልተነሳ ያንኑ ራም ሌላ ማስገቢያ ላይ፣ ከዚያ ሌላውን ራም በመጀመሪያው ላይ። ሁሉንም ጥምረት ጨርሱ።

በእምቢታ አትግፉት። ክፍተቷ ካልገጠመች ወይ ገልብጣችሁታል ወይ የተለየ ዓይነት ነው። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 አይቀያየሩም።

ጩኸቱን ቁጠሩ። በብዙ የዴል ማሽኖች ሁለት ጩኸት ራም አልተገኘም ማለት ነው፣ አራት ራሙ ተበላሽቷል፣ አምስት የባዮስ ባትሪ፣ ስድስት የስክሪን ካርድ፣ ሰባት ፕሮሰሰር። ቆየት ያሉት የኤችፒ ዴስክቶፖች ደግሞ ከጩኸቱ ጋር ቀይ መብራት ያበራሉ፦ ሁለት ከሆነ ሙቀት፣ አራት ከሆነ ፓወር፣ አምስት ራም፣ ስድስት የስክሪን ካርድ፣ ሰባት ማዘርቦርድ። አዳዲሶቹ ረጅምና አጭር እያደባለቁ ስለሚጮሁ ቁጥሩን ከሞዴሉ ስም ጋር ፈልጉት። ራሙን ሁሉ አውጥታችሁ ስታበሩ ጨርሶ የማይጮህ ከሆነና ስፒከሩ የተሰካ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ማዘርቦርዱና ወደ ፕሮሰሰሩ ይዞራል።

የተጨመረ የስክሪን ካርድ ካለ አውጡት፣ ጥርሱን እንደ ራሙ በላጲስ አጽዱ። ከመመለሳችሁ በፊት ግን ገመዱን ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ማስገቢያ ሰክታችሁ ሞክሩ። ስክሪን ከመጣ ካርዱ ነው።

አሁንም ጥቁር ከሆነ ባዮሱን ወደ መጀመሪያው መልሱት። ከሶኬት ነቅላችሁ ክቧን ባትሪ አውጡ፣ ማብሪያውን ተጭናችሁ ያዙ፣ አስር ደቂቃ ጠብቁ፣ መልሱ። ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ካደረጋችሁ ደረጃ 5ን ሳታነቡ ዊንዶውስ ተበላሸ አትበሉ።

ደረጃ 4፦ ጥቂት ሠርቶ የሚጠፋ

ከአምስት ከአስር ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ፣ ወዲያው ስታበሩት ደግሞ ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ ሙቀት ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ ቀጭን አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። በበጋ ላይ አቧራው ሲጨመር የፕሮሰሰሩ ፋን ሥር እንደ ሱፍ የሆነ ነገር ተኝቶ ታገኛላችሁ።

በብሩሽ አራግፉ። ፋኑን በጣታችሁ ያዙት፣ በንፋስ ኃይል እንዳይሽከረከር። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በጎማ መንፊያ ማስነፋት በጣም ተለምዷል፤ አታድርጉት። ከመንፊያው የሚወጣው አየር ውኃና ዘይት አለበት፣ ኃይሉም ትንንሽ ክፍሎችን ይነቅላል።

ካጸዳችሁ በኋላም ከጠፋ ፋኑ መዞሩን፣ ሂት ሲንኩ (ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠው ሙቀት የሚወስድ ብረት) በአራቱም ጥግ ጥብቅ ብሎ መቀመጡን እዩ። በባጃጅ ኮብልስቶን ላይ እየተንገጫገጨ የተጓዘ ማሽን ላይ አንዱ ጥግ ይላላል። ካነሳችሁት አሮጌውን ቴርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መሀል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) በደረቅ ጨርቅና በአልኮል ጠርጉ፣ አዲስ የስንዴ ፍሬ የምታህል ጠብታ መሀል ላይ አድርጉ። አሮጌው ላይ ደርባችሁ አትቀቡ። ፔስት ከሌላችሁ ግን ሂት ሲንኩን ጭራሽ አታንሱ።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱ የሚጠፋበት ማሽን

ስክሪኑ ስለ ሰዓት ወይም ስለ ሲሞስ (CMOS) ጽፎ ኤፍ 1 ተጫኑ ካለ፣ ወይም ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ከሄደ፣ ባትሪዋ አልቃለች። ሲአር 2032፣ 3 ቮልት፣ ጽሑፉ ያለበት የመደመር ጎን ወደ ላይ። ሥራው ሁለት ደቂቃ ነው።

ግን ባትሪዋ ስታልቅ የባዮሱ ምርጫዎችም አብረው ይጠፋሉ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ፋይል ያለ ጥፋቱ ፎርማት የሚደረገው። ባትሪ ቀይራችሁ ኮምፒውተሩ "ቡት ዲቫይስ የለም" ካለ ወይም የዊንዶውስ አርማ አሳይቶ ሰማያዊ ስክሪን ካወጣ ሀርድ ዲስኩ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ወደ ባዮስ ግቡ። ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ሌኖቮ ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ 1 ነው፤ እንደበራ ደጋግማችሁ ተጫኑ። ከዚያ ሦስት ነገር አስተካክሉ፦

1. ቀንና ሰዓት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር።
2. ሳታ (SATA) የሚለው ምርጫ፣ ማሽኑ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ። ብዙ የዴል ማሽኖች ራሳቸው ወደ ሬይድ (RAID) ይመለሳሉ፤ ዊንዶውሱ የተጫነው በኤኤችሲአይ (AHCI) ከነበረ ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል። ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሩና ሞክሩ፣ ካልሆነ ወደነበረበት መልሱ።
3. የቡት (የአነሳስ) ዓይነት፣ ሌጋሲ (Legacy) ወይም ዩኢኤፍአይ (UEFI)። በአንዱ ካልተነሳ በሌላው ሞክሩ።

ሴቭ ብላችሁ ውጡ። እነዚህን መቀያየር ፋይል አያጠፋም፣ አትፍሩ።

ደረጃ 6፦ ሀርድ ዲስኩ አልታይ ሲል

ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ሁሉ አውጡ። የተረሳ ፍላሽ ብቻውን ማሽን ያስቆማል። ከዚያ ባዮስ ውስጥ ዲስኩ በስሙ መኖሩን እዩ።

ከሌለ ከሶኬት ነቅላችሁ ቀጭኑን የዳታ ገመድ ከሁለቱም ወገን አውጥታችሁ መልሱ፣ በሌላ ገመድ ቀይሩ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ሌላ ማስገቢያ ሞክሩ።

ዲስኩን አዳምጡ። "ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ" እያለ እየደጋገመ የሚመታ ከሆነ አሁኑኑ አጥፉ። ደግማችሁ አታብሩ። በየማብራቱ የሚተርፈው ፋይል ያንሳል። መምታት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት የሚባለውን አትስሙ። ፋይሉ ዋጋ ካለው ዳታ የሚያወጣ ሰው ጋ ይሂድ፣ ዋጋ ከሌለው አዲስ ዲስክ ግዙ።

ደረጃ 7፦ ዊንዶውስ ራሱ ሲያቅተው

ዊንዶውስ 10 እና 11 በተከታታይ ሁለት ሦስት ጊዜ መነሳት ሲያቅታቸው ሰማያዊ የጥገና ገጽ ራሳቸው ይከፍታሉ። ካልከፈተ ነጠብጣቦቹ ሲሽከረከሩ ማብሪያውን ይዛችሁ አጥፉ፣ ይህን ደጋግሙ፣ ይመጣል። ትራብልሹት፣ ከዚያ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ግቡ።

ከማንኛውም ጥገና በፊት ፋይሉን አውጡ። ኢንተርኔትም ሌላ ኮምፒውተርም ሳያስፈልግ ይቻላል፦

1. ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ሰኩ።
2. ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ኖትፓድ (notepad) ብላችሁ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ።
3. በኖትፓዱ ፋይል፣ ከዚያ ኦፕን። ከታች የፋይል ዓይነት የሚለውን ኦል ፋይልስ አድርጉ፣ አለዚያ ፎቶና ቪዲዮው አይታይም።
4. ዲስኩን ክፈቱ፣ ዩዘርስ ውስጥ ስማችሁን አግኙ። የድራይቮቹ ፊደል ተቀያይሮ ሊሆን ይችላል፣ ሲ ውስጥ ካጣችሁ ዲ እና ኢን እዩ።
5. ፎልደሩን በቀኝ ተጫኑ፣ ኮፒ፣ ወደ ፍላሹ ሄዳችሁ ፔስት።

ሲገለብጥ ስንት እንደቀረው አያሳይም፣ ቀጥ ያለ ይመስላል። አትንኩት። የጥር ሠርግና የጥምቀት ቪዲዮ የያዘ ፎልደር ከሆነ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፣ ስለዚህ መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት ወይም በዩፒኤስ ጀምሩት። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) ቁልፍ ከጠየቃችሁ ባለ 48 አኃዙ ቁጥር በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ በሌላ ስልክ ገብታችሁ ፈልጉ።

ፋይሉ ከወጣ በኋላ በዚህ ተራ ሞክሩ። ስታርትአፕ ሪፔር። ካልሆነ አንኢንስቶል አፕዴትስ፣ በተለይ ችግሩ አፕዴት ካደረጋችሁ በኋላ ከመጣ። ካልሆነ ሲስተም ሪስቶር። ካልሆነ ስታርትአፕ ሴቲንግስ ገብታችሁ ሪስታርት በሉና 4 ተጫኑ፣ በሴፍ ሞድ፣ ማለትም በጣም አስፈላጊ በሆኑት ነገሮች ብቻ ይነሳል። በሴፍ ሞድ የሚነሳ ከሆነ በቅርብ የጫናችሁትን ፕሮግራም ወይም ድራይቨር አጥፉ፤ ዊንዶውሱ አልሞተም።

ፎርማት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፎርማት ተደርጎም በሳምንት ውስጥ ተመልሶ ሰማያዊ ስክሪን ካወጣ ራሙን አንድ በአንድ ፈትኑ፣ ዲስኩንም አስፈትሹ።

ወደ ባለሙያ ሲሄድ

ሀርድ ዲስኩን ፈታችሁ ቤት አስቀሩት። ችግሩ ፓወር፣ ራም ወይም ስክሪን ከሆነ ጠጋኙ ዲስኩን አይፈልገውም። ችግሩ ዲስኩ ወይም ዊንዶውሱ ከሆነ ደግሞ "ያለ እኔ ፈቃድ ፎርማት አይደረግ" ብላችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሳጥኑ ላይ ለጥፉ፤ በቃል የነገራችሁት ሰውዬና የሚሠራው ልጅ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ።

የራሙን መጠንና የዲስኩን ተከታታይ ቁጥር ፎቶ አንሱ። የሠራችሁትን ደረጃ በሙሉ ንገሩት፣ ቪዲዮውን አሳዩት። በባጃጅ ስትወስዱት ሳጥኑን በጎኑ አስተኙት፣ ማዘርቦርዱ ከታች ሆኖ የፕሮሰሰሩ ፋን ወደ ላይ እንዲያይ፤ ከሥሩ ብርድ ልብስ አድርጉ። ክረምት ከሆነ በላስቲክ ጠቅልሉት፣ ከደረሰ በኋላም ዝናብ ነክቶት ከሆነ ሳይደርቅ እንዳያበሩት ንገሯቸው።